ገደፋው ብር ሠሪና የሲሳይነሽ ቀለበት

ቡሬ ውስጥ ስለ ገደፋው ብር ሠሪ የማይናገር ሰው አልነበረም። ሴቶቹ እጁን ያደንቁለታል፣ ወንዶቹ ይጠረጥሩታል፣ የቆሎ ተማሪው ደግሞ በማተቡ የሚያንጠለጥላትን መስቀል በነፃ ካሠራው በኋላ ቡዳ እንዳይበላው አማትቦ ይሄዳል። ወሬ ግብር አይከፈልበትም፤ ሁሉም እንደ ልቡ ያወራል። እቤቱ ገብቶ ውሃ የጠጣ ሰው ግን በፋኖስ ቢፈለግ አይገኝም ነበር።

ሰውየው አጭር፣ ደንደን ያለ፣ ጣቶቹ በእሳት የተለበለቡ ነበር። ያ ወፍራም ጣት ከፀጉር የቀጠነ የብር ክር ሲያጣምም ያየ ሁሉ ይገርመዋል። ሙያውን ከአባቱ፣ አባቱም ከአያቱ ወርሶታል። ከሙያው ጋር "ቀጥቃጭ" የሚለውን ስድብም ወርሷል፤ እሱን ማንም ሳይናዘዝለት ነው የደረሰው።

አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት፤ ይሉኝታ። ይሉኝታ ለሁላችንም በመጠኑ ታድሎናል፤ ለገደፋው ግን በቁና ነው የተሰፈረለት። ገበያ ውስጥ እግሩን የረገጠውን ሰው "ይቅርታ፣ አደናቀፍሁህ" የሚል ፍጡር ነው። ሚስቱ ባንቺአየሁ "አንተን እኮ ሌባ ቢሰርቅህ መጫኛ ጆንያ ታውሰዋለህ" ትለው ነበር። እሱም ይስቅና ወናፉን ይነፋል።

አንድ ነገር ብቻ ያንገበግበዋል። ብር ሊያሠራ የመጣ ሰው ጠገራ ብሩን አስረክቦ ወደ ጉዳዩ አይሄድም። ዱካ ስቦ ከእሳቱ ፊት ይቀመጣል። ጠገራው እስኪቀልጥ፣ እስኪቀጠቀጥ፣ እስኪሞረድ ድረስ ዓይኑን ከገደፋው እጅ አይነቅልም። ብሩን ሸርፎ መዳብ እንዳይቀላቅልበት ነው። አንዳንዱ ምሳውን ቋጥሮ ይመጣል፤ ሽንቱ የወጠረው እንኳ ዘመድ ተክቶ ነው የሚነሣው። ደንቡ የቆየ ነው፤ አባቱም እንዲሁ ሲጠበቅ ኖሮ ሞተ። ገደፋው ለጠየቀው ሁሉ "ልማድ ነው" ይላል፤ እኔ ግን በየቀኑ እንደ ሌባ ሲጠበቁ መዋል ይለመዳል ብዬ አላምንም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው "አምንሃለሁ፣ ስትጨርስ እመጣለሁ" ብሎት አያውቅም።

ዘሩ የሚባለውን ሰው ያመጣለት ደርግ ነው። ዘሩ የቀኛዝማች የልጅ ልጅ ነው፤ አያቱ በዘመናቸው ከቡሬ ወዲያ ካለው አገር ብዙውን ያስገብሩ ነበር። በ1967 መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ያ ቤት ከነክብሩ ወደቀ። ዘሩ እጁን አጣጥፎ መብላት ስላልቻለ አንድ አሮጌ የልብስ ስፌት መኪና ገዝቶ ከተማ ገባ። ጊዜው ሠርቶ አደር የሚወደስበት ነበርና ሸማኔውን፣ ልብስ ሰፊውንና ብር ሠሪውን ሰብስበው በአንድ የእደ ጥበብ ማኅበር አደራጇቸው። የዘሩ መኪናና የገደፋው ወናፍ በአንድ ቆርቆሮ ሥር ጎን ለጎን ዋሉ። ስብሰባ ተጠርቶ "ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያሉ መሳደብ ከዛሬ ጀምሮ ቀረ" ተባለ። ሁሉም አጨበጨበ፤ ሲወጡም ሁሉም እንደ ፊቱ ተሳደበ።

ዘሩ ብቻ ያቺን "ቀጥቃጭ" የምትል ቃል ከአፉ አላወጣትም። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ባንቺአየሁ ለባሏ ካመጣችው እንጀራ ሳይጠየቅ ቆርሶ በላ። ለፋሲካ ደግሞ እቤታቸው ገባና ተጎራረሰ። ሠፈሩ ጉድ አለ። ገደፋው እንግዳውን ሸኝቶ ሲመለስ ምሰሶውን ተደግፎ አለቀሰ፤ ነውር የለውም፣ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ወንድማማች ሆነው ኖሩ። የዘሩ ልጅ ቸኮለ በወባ ሲወድቅ ገደፋው ነው አዝሎት ጤና ጣቢያ የሮጠው። የባንቺአየሁ እናት ሲሞቱ አስከሬን ከተሸከሙት ፊተኛው ዘሩ ነበር። ዘሩ "አንተ፣ ወንድሜ" ይለዋል። ገደፋው ግን በዕድሜ እኩዮች ሆነው ሳለ "አንተ" ማለት ከአፉ አልወጣ እያለው "አያ ዘሩ፣ እርስዎ" እንዳለ ቀረ።

በ1978 ታኅሣሥ ላይ የዘሩ ታናሽ እህት ሲሳይነሽ ታጨች። እጮኛዋ ክንዱ የፍኖተ ሰላም ልጅ፣ አስተማሪ ነው። ሽማግሌ ተልኮ ቃል ተሰጠና ቀለበት የሚታሰርበት ቀን ለጥር ተቆረጠ። የተማሩት ልጆች ቀለበት የሚገዙት ከባህር ዳር ሱቅ ነው፤ ሲሳይነሽ ግን አሻፈረኝ አለች። እናቷ የተናዘዙላት ሦስት ቀይ ፈርጥ ነበራት፤ ከቀኛዝማች ካባ ላይ የተነቀለ። የ1967ቱ ነገር ሲመጣ እናትየው ፈርጡን በቢላ ፈልቅቀው መቀነታቸው ውስጥ ሰፉት። ቤት ሲፈተሽ፣ ሳጥን ሲገለበጥ፣ እሳቸው ወገባቸውን ታጥቀው ቆመው ያዩ ነበር። ሊሞቱ ሲሉ መቀነቱን ለዘሩ ሰጡና "አደራ፣ የእህትህ ነው፤ ስትዳር ስጣት" አሉት። ሰማይ ሩቅ፣ አደራ ጥብቅ።

ሲሳይነሽና ክንዱ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ የሣሉትን ቀለበት ይዘው ገደፋው ዘንድ መጡ።

"አያ ገደፋው፣ ይኼውልዎ። ትልቁ ፈርጥ መሐል፣ ሁለቱ ትናንሾች ግራና ቀኝ። ይሆንልዎታል?" አለች።

ገደፋው ወረቀቱን አቅርቦም አርቆም አየው። "ሥዕሉስ ያምራል። ጣቱ ግን ያንቺ ነው እንጂ የቀኛዝማች አይደለም። ሦስቱን በአንድ ረድፍ ብደረድራቸው ጣትሽ አይታጠፍልሽም። ሊጥ ስታቦኪ ምን ልትሆኚ ነው?"

"እሱ ያቦካልኛላ!" ወደ ክንዱ እያየች ሳቀች። ክንዱም አብሮ ሳቀ እንጂ አላቦካም አላለም።

ገደፋው በክር ጣቷን ለካ። ከመዳብ ሽቦ ቅርጹን አጣምሞ አሳያት፤ አጠለቀችው፣ አወለቀችው፣ "ይቺ ጎኗ ሰፋች" አለች፤ ደግሞ አጣመመ። በመጨረሻ የተስማሙት እንዲህ ነው፤ ትልቁ ፈርጥ ከፍ ብሎ መሐል ይቀመጣል፤ ሁለቱ ግን ጎን ለጎን ሳይሆኑ ዝቅ ብለው በቀለበቱ ትከሻና ትከሻ ላይ ይገባሉ፤ ሦስቱንም በቀጭን የብር ክር የተጠለፈ ሐረግ፣ ልክ ብራና ላይ እንደሚሣለው ያለ፣ ያያይዛቸዋል። ሲሳይነሽ እጇን አጨበጨበች። ገደፋው እንዲህ ያለ ሥራ ከጠየቁት ቆይቶ ነበርና ፊቱ በራ። ክንዱ የእናቱን ሁለት ጠገራ አስረከበና፣ እንደ ደንቡ፣ ዱካ ስቦ ተቀመጠ። ብሩ ቀልጦ ክር ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ቆይቶ፣ ክሩን ቆጥሮ ሄደ።

በማግሥቱ ዘሩ ፈርጦቹን በጨርቅ ቋጥሮ ብቻውን እገደፋው ቤት መጣ። ጥቃቅኑን ሥራ ገደፋው የሚሠራው እቤቱ፣ በመስኮቱ በኩል በሚገባው የጧት ብርሃን ነው። ዘሩ ጨርቁን መዳፉ ላይ አስቀመጠለትና ሊወጣ ዞረ።

"አይቀመጡም እንዴ?" አለ ገደፋው፣ ዱካውን እየገፋ።

"ምኑን ልጠብቅ? አንተን ልጠብቅህ ገደፋው? ጨርሰህ ጥራኝ።"

ይኸው ነው። ሰውየው ወጣ፣ ሄደ። ገደፋው ባዶውን ዱካ እያየ ቆመ። በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን! ባንቺአየሁን ጠርቶ "ሰማሽው? ሰማሽው ያለኝን?" አላት። በሠርጉ ቀን እንኳ እንዲህ አልሆነም።

ከዚያ ጨርቁን ፈታ። ፈርጥ ሲቀበል እንደሚያደርገው ሦስቱንም ተራ በተራ ከንፈሩ ላይ አስነካቸው። ድንጋይ ከንፈር ላይ ሲያርፍ ይቀዘቅዛል፣ ቅዝቃዜውንም ቶሎ አይለቅም፤ ብርጭቆ ግን ወዲያው ይሞቃል። ሦስቱም ሞቁ። ወደ መስኮቱ አስጠጋቸው። በትልቁ ሆድ ውስጥ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል አረፋ ታየችው። ብርጭቆ ነው። ቀይ፣ የሚያምር፣ ብርጭቆ።

"ምነው ዝም አልህ?" አለች ባንቺአየሁ።

ነገራት። እሷም ነጠላዋን አነሣች፤ "በል ተነሥ፣ አብረን እንሂድና አሁኑኑ ንገረው።"

ገደፋው አልተነሣም። በሐሳቡ የመጣው ሌላ ነው። ቀኛዝማችን አንድ ነጋዴ ድሮ አታሏቸዋል ማለት ነው። ካባቸው ላይ ሃምሳ ዓመት ጠርሙስ ሲያበራ ኖሯል፤ ቤተ ዘመዱም አያውቅም። ያቺ እናት ሕይወታቸውን ለአደጋ ሰጥተው መቀነታቸው ውስጥ የደበቁት ብርጭቆ ነው። ይኼንን ለልጅቱ ቀለበቷ ሊታሰር ሳምንታት ሲቀሩት እንዴት አድርጎ ይንገራት? ደግሞስ፣ ገና ዛሬ አምኖት የሄደን ሰው ተከትሎ ሄዶ "የሰጡኝ ሐሰተኛ ነው" ቢለው፣ "ባምንህ ይኼን ይዘህ መጣህ?" ብሎ ቢመልስለትስ? ከሁለት ክፉ ዝምታን መረጠ።

"ለእነሱ ፈርጥ ከሆነ ፈርጥ ነው። አሳምሬ እሠራዋለሁ" አለ።

"ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይላሉ" አለች ባንቺአየሁ፣ "ያንተ ዝምታ ግን ዝሆን ያስገባል።" ነጠላዋን ሰቀለች። ልክ ነበረች፤ ሁልጊዜም ልክ ናት።

ሰባት ጧት ፈጀበት። ለትልቁ ፈርጥ እንደ ልጥ ከቀጠነ ብር መቀመጫ ቤት ሠራለት፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፎ አስነከሰው። ሐረጉን አንድ ጊዜ ጨርሶ ስላልወደደው አፍርሶ እንደገና ጠለፈው። ብርጭቆ እሳት ስለማይችል ብየዳውን ሁሉ ፈርጡ ሳይገባ አጠናቀቀና ፈርጡን መጨረሻ አስገባ። ሲያልቅ ዘሩን ጠራው። ዘሩ ቀለበቱን አገላበጠና የገደፋውን ትከሻ ሳመው። "እጅህ ይባረክ። የቀለበቱ ዕለት ከእንግዶቼ ጋር ትቀመጣለህ፤ ከጓሮ አይደለም፣ ከእንግዶቼ ጋር" አለው።

ገደፋው አዲስ ጋቢ ለብሶ ሄደ። ከእንግዶቹ መሐል፣ ከአንድ መሶብ አቀረቡት። አጠገቡ የተቀመጡት ሰውዬ ትንሽ ሸሸት ብለው ነበር፤ እሱ ግን በዚያ ቀን ይኼ አልታየውም።

ከክንዱ ወገን አንድ አጎት መጥተዋል፤ አዲስ አበባ ወርቅ ቤት ሃያ ዓመት የሠሩ። ቀለበቱ በትሪ ሲቀርብ የሙያ ነገር ሆኖባቸው "እስቲ ልየው" አሉ። ለተንኮል አልነበረም። እንዲያውም መጀመሪያ ሐረጉን አድንቀው "ይኼን የሠራ እጅ አዲስ አበባም የለ" ብለዋል። ከዚያ ወደ በሩ ብርሃን ወጡ። ቆዩ። ተመልሰው በክንዱ አባት ጆሮ የሆነ ነገር ተናገሩ። ወሬው ከጆሮ ጆሮ መሶቡን ዞሮ ሳያልቅ የክንዱ አባት ተነሡ።

"ቀኛዝማች ቤት ነው ያለነው ወይስ ጠርሙስ ተራ? ብርጭቆ ልታስሩብን ነው የጠራችሁን?"

ሲሳይነሽ እጇን ለቀለበቱ ዘርግታ እንደ ነበር እጇ አየር ላይ ቀረ። ሰው ሁሉ ክው አለ። ገደፋው የሰውን ፊት ሁሉ አየ፤ ሳይደነግጥ የቀረ አንድ ፊት ብቻ ነበር፣ የዘሩ። ዘሩ ቀስ ብሎ ተነሣ።

"እኔ በእጄ ያስረከብሁት የአያቴን ፈርጥ ነው" አለ። "ለማን እንዳስረከብሁ ታውቃላችሁ። እሱ ይጠየቅ።"

ገደፋው የቆረሰውን እንጀራ መሶቡ ላይ መለሰ። ሽምግልናውን የመሩት መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ነበሩ፤ ዘንጋቸውን ተደግፈው ወደ እሱ ዞሩ።

"ገደፋው፣ ፈርጡን ስትቀበል አይተኸዋል?"

"አይቸዋለሁ፣ አባቴ።"

"ብርጭቆ መሆኑን አወቅህ?"

"አውቄያለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርህም?"

ገደፋው አዲሱን ጋቢውን እየሰበሰበ "ይሉኝታ ያዘኝ" አለ።

ቤቱ ሳቀ። በዚያ ሁሉ ድንጋጤ መሐል ሳቀ። መሪጌታም ፂማቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። እውነቱን የተናገረ ሰው እንዲህ ሲሳቅበት አይቼ አላውቅም።

"ዘሩ፣ ስታስረክብ ምስክር ነበረህ? አልጠበቅኸውም?"

"አልጠበቅሁትም። አምኜው ሄድሁ" አለ ዘሩ። ድምፁ አዘነ፤ ማዘንንም ይችልበታል። "ሰው ሁሉ 'ለቀጥቃጭ ጥለህ አትሂድ' ሲለኝ አልሰማሁም። ጥፋቱ የኔው ነው።"

ቃሏ በአሥር ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከዘሩ አፍ ወጣች። ገደፋው ከዚያ በኋላ የተባለውን ሁሉ አልሰማም። ቃሏን ከብዙ ሰው ሰምቷታል፤ ከመለመዷ የተነሣ እንደ ስሙ ሆናለች። ከዘሩ አፍ ስትወጣ ግን ምንም ያልተለመደች ሆነች።

ሌባው ስለተገኘ የዘሩ ቤት ክብር ተመለሰ። የክንዱ አባት ለዘሩ "አንተማ ምን አደረግህ" ብለው አጽናኑት፤ ክንዱም "እኔ ያጨሁት ሲሳይነሽን እንጂ ድንጋይ አይደለም" ብሎ በሌላ ቀለበት ነገሩ ተፈጸመ። ለገደፋው ግን ሽማግሌ ተቀመጠ። እሱም መስቀል ይዤ ልማል አለ።

"ቀጥቃጭ ቢምል ምን ይሆናል?" አለ ዘሩ። "መስቀሉን የሚሠራው እሱ፣ የሚምለውም እሱ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩና መሐላው ቀረ። ፍርዱ ይህ ሆነ፤ ገደፋው በፈርጦቹ ፋንታ የባንቺአየሁን የእግር ጌጥ፣ የብር አልቦዋን፣ ለሲሳይነሽ ይሰጣል፣ በሚካኤል ዕለት በደጀ ሰላሙ ፊት ድንጋይ ተሸክሞ ዘሩን ይቅርታ ይጠይቃል። እምቢ ካለ ነገሩ ለፖሊስ ይሰጣል፣ ሰውም ከእሱ ጋር እሳት አይጫጫርም። ገደፋው "አላደረግሁትም" ብሎ ወጣ። ወስኖ ነበር። ስሙን ሌባ ብሎ በራሱ አፍ አይጠራም፤ ከፈለጉ ወህኒ ያውርዱት።

ሚካኤል ሦስት ቀን ሲቀረው ሲሳይነሽ መጣች። በሩን ዘግታ፣ ሳትቀመጥ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተናገረች። ቸኮለ፣ የዘሩ ልጅ፣ ኅዳር ላይ ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ሠፈር የሄዱት ልጆች ከሰሜን ጦር ግንባር አንዱም ደብዳቤ አልጻፈም። ዘሩ ፈርጦቹን ሸጠና ስሙን ከዝርዝሩ ለሚሰርዝለት ሰው ገንዘቡን ሰጠ። የእናቱን አደራ በላ እንዳይባል ደግሞ በአንድ ሾፌር እጅ ከአዲስ አበባ የሚመስለውን ብርጭቆ አስመጣ። እሷ ለቅሶዋን አላቆም ስትለው ነው እግሯ ላይ ወድቆ የነገራት።

"አያ ገደፋው፣ እርስዎ አንድ ቃል ይበሉኝና ሽማግሌው ፊት ቆሜ እናገራለሁ" አለች። "ግን እንደ ተናገርሁ ቸኮለን ይወስዱታል።" ከዚያ አለቀሰችና ወጣች።

ደግ ልጅ ናት፤ ክፉ አልናገርባትም። ነገር ግን የወንድሟን ሸክም ከራሷ ትከሻ አውርዳ ገደፋው ትከሻ ላይ ጭና ነው የሄደችው። እንዲህ ያለ እውነት ከማወቅ አለማወቅ አይሻልም?

ገደፋው ያን ቀን ወናፉን አልነካም። ዘሩ ልጁን ለማዳን መሸጡ አላስቆጣውም፤ እሱም ልጅ ቢኖረው ይሸጥ ነበር። ነግሮት ቢሆን ብርጭቆውን ከዕንቁ አስመስሎ ሠርቶለት ምሥጢሩን ይዞ ይቀበር ነበር። "ፈርጡ ጠፋብኝ" ብሎ ለእህቱ ቢናገርም ያልፋል። ዘሩ ግን ክብሩ እንዳይነካ ሌባ አስፈለገው። ሰው ሁሉ ሳይጠይቅ የሚያምነው ሌባ ሲፈልግ፣ ዞር ዞር ብሎ ያየው የአሥር ዓመት ወዳጁን ነው። በዚያ ሁሉ ደስታ ያስፈነጠዘው "አንተን ልጠብቅህ?" የሚለው ቃል እምነት አልነበረም። የተቀመጠ ሰው ምስክር ይሆናል፤ ዘሩ ምስክር ስለማይፈልግ ነው የሄደው።

በማግሥቱ ጧት ገደፋው እዘሩ ቤት ሄደ። ቸኮለ ግቢ ውስጥ እንጨት ይፈልጣል። ምሳሩን ጥሎ ዝቅ ብሎ "እንደምን አደሩ አያ ገደፋው" አለ። ምንም አያውቅም፤ ፊቱ ያስታውቃል። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ገደፋው ልጁን ያዘለበት ጀርባው ድንገት የከበደው መሰለው።

ዘሩ ወጣና ከአጥሩ ጥግ ወሰደው። ወደ ቤት ግባ አላለውም።

"ሁሉን ሰምቻለሁ" አለ ገደፋው። "አልናገርም። ልጁ ይኑር። አልቦውንም እሰጣለሁ፣ ድንጋዩንም እሸከማለሁ። ካንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው።" አንተ ማለቱን ያወቀው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። "እዚሁ፣ ሰው በሌለበት፣ 'አዎ፣ አድርጌዋለሁ' በለኝ። ለኔ ብቻ። ይበቃኛል።"

ዘሩ አጥሩን ነቀነቀ፣ ጠንካራ መሆኑን የሚፈትሽ መስሎ። ገደፋው የሰውየው ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየና ልቡ ተስፋ አደረገ።

"አዎ ብልህስ ገደፋው" አለ ዘሩ፣ "ማን ያምንሃል?"

ወደ ቤቱ ገባ። ቸኮለ እንጨቱን መፍለጥ ቀጠለ። ገደፋው መንገዱን እንዴት አድርጎ እንደጨረሰው አያውቅም።

ባንቺአየሁ አልቦዋን ስታወልቅ አልጮኸችም። ገደፋው በሠርጋቸው ዓመት የሠራላት ነው፤ ሃያ አራት ዓመት ከእግሯ ወጥቶ አያውቅም፤ ስለዚህ በሳሙና ነው የወጣው። "ለልጁ ነው እንጂ ለሱ አይደለም" አለችና በጨርቅ ጠቀለለችለት።

በሚካኤል ዕለት ቅዳሴ ሲያልቅ ሕዝቡ ከደጀ ሰላሙ ፊት ከበበ። ገደፋው ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ሲሳይነሽ ከሴቶቹ መሐል ቆማ ነበር፤ ቀና ብሎ አላያትም። መሪጌታ "ጥፋትህን ታምናለህ?" አሉት። ብዙ ሰው ስለነበረ የመለሰላቸውን ከፊት ያሉት ብቻ ሰሙ። "አምናለሁ" ነው ያለው። ወደ ዘሩ ጉልበት አጎነበሰ።

ዘሩ እንዲህ በሚሆንበት ጊዜ ማድረግ የሚገባውን ሁሉ አደረገ። ጉልበቱ ሳይነካ በፊት ተሽቀዳድሞ ያዘው። ድንጋዩን በራሱ እጅ አንሥቶ መሬት ላይ ጣለው። ገደፋውን ቀና አድርጎ አቀፈው፤ ጉንጩን ሦስት ጊዜ ሳመው። ከዚያ ሕዝቡ ሁሉ እንዲሰማ፣ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ፣

"ይቅር ለእግዚአብሔር!" አለ።

ሴቶቹ እልል አሉ። ገደፋው ለስድብ ተዘጋጅቶ ነበር የመጣው፤ ለምራቅም ቢሆን ተዘጋጅቶ ነበር። ይቅር እንዲባል ግን አልተዘጋጀም። እጆቹ ጎንና ጎኑ ተንጠልጥለው ቀሩ። ዘሩ ግን እስኪበቃው አቅፎት ቆየ።

ሲበተኑ ገደፋው ከሕዝቡ ጋር ቁልቁለቱን ወረደ። በቀለበቱ ዕለት አጠገቡ ተቀምጠው የሸሹት ሰውዬ ደረሱበት። አሁን አልሸሹም፤ እንዲያውም ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

"አንተስ ዕድለኛ ነህ" አሉት። "ስንቱ በዚህ ነገር ወህኒ ይበሰብስ የለ? ዘሩን የመሰለ ወዳጅ ስለሰጠህ ተመስገን በል።"

ሰውዬው መልስ ጠብቀው ፊቱን ያዩታል። ገደፋውም፣ ምን ይበል፣ "ተመስገን" አለ።